የጥቁር ወታደር ዝንብ እጭን ለዶሮ መኖ በግቢ ማርባት፦ ለአዲስ አበባ ዙሪያ ብርድ የተስማማ አሠራር

ጥቂት ዶሮ ያለው ሁሉ ገንዘቡ የት እንደሚያልቅ ያውቃል፤ መኖ ላይ ነው። ከመኖውም ውስጥ ኪስ የሚያራቁተው በቆሎውና ፉርሽካው ሳይሆን የፕሮቲኑ ድርሻ፣ አኩሪ አተሩና የኑግ ፋጉሎው ነው። ጥቁር ወታደር ዝንብ፣ ብዙዎች ብላክ ሶልጀር ፍላይ የሚሉት፣ የዚህን ድርሻ የተወሰነ ክፍል ከወጥ ቤት ትራፊ ያወጣል። የደረቀው እጭ 40 በመቶ ገደማው ፕሮቲን፣ 30 በመቶ ገደማው ቅባት ነው፤ ካልሲየሙም ከአብዛኞቹ ነፍሳት ስለሚበልጥ እንቁላል ለምትጥል ዶሮ ይስማማል።

ስለዚህ ዝንብ የሚሰራጨው አብዛኛው ምክር የተጻፈው ግን ሙቀቱ ቀን ከሌት 27 እና 30 ዲግሪ ለሆነበት አገር ነው። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ ወይም ሱሉልታ ያለ ሰው ያንን ምክር ቃል በቃል ተከትሎ ቢሠራ ሁለተኛውን ዙር ሳያይ ይከስራል። እዚህ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያም በላይ ነን፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ፀሐይ ለቀናት አትታይም። ምግብ ሞልቷል፣ ችግሩ ምግብ አይደለም። እዚህ ሥራው ሁሉ የሚዞረው በሁለት ነገር ዙሪያ ነው፦ እጩ እንዳይበርደው፣ ዝንቡ ፀሐይ እንዳያጣ።

ዝንቡ ምን ዓይነት ነው

ከቤት ዝንብ ጋር አታምታቱት። ርዝመቱ 2 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል፣ መልኩ ጥቁር፣ ሲያዩት ተርብ ይመስላል፤ ግን አይናደፍም፣ አይነክስም። ዝንቡ ውሃ ይጠጣል እንጂ ምግብ ሳያገኝም ዕድሜውን ይጨርሳል፤ በእጭነቱ ባከማቸው ቅባት ነው የሚኖረው። በዚህም ምክንያት እንደ ቤት ዝንብ ከሽንት ቤት ወደ ማዕድ አይመላለስም። የሚኖረው አንድ ሳምንት ገደማ ነው፤ በዚያች ሳምንት ተጋብቶ እንቁላል ጥሎ ይሞታል። አንዲት ሴት ዝንብ በአብዛኛው ከ400 እስከ 800 እንቁላል በአንድ ጊዜ ትጥላለች። የምትጥለውም ትራፊው ላይ ሳይሆን አጠገቡ ባለ ደረቅና ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ይህን ጠባይዋን ያወቀ ሰው እንቁላሉን ያለ ድካም ይሰበስባል።

እንቁላሉ በ27 ዲግሪ በ4 ቀን ይፈለፈላል። እጩ በልቶ ሲያበቃ ከነጭ ወደ ቡናማ፣ ከዚያም ወደ ጥቁር ይለወጣል፤ አፉን ዘግቶ ደረቅ ቦታ ፍለጋ ይወጣል። ቀጥሎ ደርቆና ዝም ብሎ ወደ ዝንብነት ይለወጣል፤ በዚህ ጊዜ ፑፓ ይባላል። ዙሩ በሙቅ አገር 6 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። በእኛ አየር ከ8 እስከ 10 ሳምንት ይዛችሁ አስቡ።

ከመጀመራችሁ በፊት ሂሳቡን ሥሩ

ብዙ ሰው አንድ ሳፋ ይዞ ይጀምርና “ለዶሮዎቼ አልበቃ አለኝ” ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ ሂሳቡን ከዶሮው ጀምሩ።

እንቁላል የምትጥል ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። ለአንዷ 30 ግራም እርጥብ እጭ ብትሰጧት ከዚህ ውስጥ ደረቁ 10 ግራም ገደማ ነው፤ ቀሪው ውሃ ነው። ለ20 ዶሮ በቀን 600 ግራም እርጥብ እጭ ያስፈልጋል ማለት ነው። 60 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን 10,000 እጭ ያሳድጋል፤ ከሞተው የተረፈው ሲመዘን ከ1.2 እስከ 2 ኪሎ ይወጣዋል። አንድ ሳጥን ለ20 ዶሮ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይሄዳል። እዚህ አየር ላይ አንድ ሳጥን ለማድለብ 20 ቀን ያህል ስለሚቆይ፣ ሳይቋረጥ ለመመገብ ከ8 እስከ 10 ሳጥን በተለያየ ዕድሜ መደርደር አለበት።

ትራፊውስ? አንድ ሳጥን በጠቅላላ ዕድሜው 15 ኪሎ እርጥብ ምግብ ይፈልጋል። ለ20 ዶሮ በቀን ከ5 እስከ 7 ኪሎ መሰብሰብ ይኖርባችኋል። የአንድ ቤተሰብ ወጥ ቤት ይህን አያወጣም፤ ከሠፈር ምግብ ቤት፣ ከጁስ ቤት ወይም ከአትክልት ሻጭ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ባልዲውን እናንተ አቅርቡ፣ በየቀኑም ሳታጓድሉ ውሰዱ። ያደረ ባልዲ ያስቀራችሁበት ነጋዴ ሁለተኛ አያስቀምጥላችሁም።

ቤቱ

የጭቃ ቤት ከብሎኬት ይሻላል፤ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል። ያለው የቆርቆሮ ክፍል ከሆነ ጣሪያውን ከውስጥ በማዳበሪያ ከረጢትና በጭድ ሸፍኑት። 2 በ3 ሜትር ክፍል ለ10 ሳጥን ይበቃል።

ሲሚንቶ ወለል ላይ ሳጥን አታስቀምጡ። ሌሊት ሙቀቱን ከታች የሚመጠው ወለሉ ነው። ከአጠና የተሠራ መደርደሪያ፣ ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ሳጥኖቹ ተጠጋግተው እንዲቀመጡ አድርጉ። የመደርደሪያውን እግሮች በሙሉ አሮጌ ዘይት በተጨመረባቸው ጣሳዎች ውስጥ አቁሙ፤ ጉንዳን አንድ ጊዜ መንገዱን ካገኘ አዲስ የተፈለፈለውን ሁሉ በአንድ ሌሊት ያጋዘዋል።

በፀሐይ በኩል ባለው ግድግዳ ጥግ ጥቁር ቀለም የተቀቡ፣ ውሃ የተሞሉ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖችን ደርድሩ። ከአምስት እስከ ስድስት ይበቃሉ። ቀን ከጣሪያው ላይ በተከፈተ ግልጽ ላስቲክ የሚገባው ፀሐይ ያሞቃቸዋል፣ ሌሊት ሙቀቱን ቀስ እያሉ ይለቁታል። ከሰል ግን በፍጹም አታንድዱበት። ጭሱ ዝንቡን ይጨርሰዋል፤ በዝግ ክፍል የነደደ ከሰል ለሰውም ገዳይ ነው።

ዋናው የሙቀት ምንጭ ግን እጩ ራሱ ነው። 10,000 እጭ በአንድ ሳጥን ሲርመሰመስ ምግቡን ከክፍሉ አየር ከ5 እስከ 10 ዲግሪ አስበልጦ ያሞቀዋል። አየሩ 20 ዲግሪ በሆነበት ክፍል ሳጥኑ ውስጥ 28 ማግኘት የሚቻለው በዚህ ነው። ስለዚህ ሙቀት ባነሰ ቁጥር እጩን በብዙ ሳጥን አትበትኑት፤ አሰባስቡት። አምስት መቶ እጭ በሰፊ ሳፋ ያደረገ ሰው አምስት መቶውን ብርድ ላይ ጥሏቸዋል።

ቴርሞሜትር ግዙ፤ ረጅም ዘንግ ያለው የወጥ ቤት ዓይነት ይሆናል። የምትለኩት የክፍሉን አየር ሳይሆን የሳጥኑን መሐል፣ ከላይ 5 ሴንቲ ሜትር ጠልቃችሁ ነው። ከ27 እስከ 35 ከሆነ መልካም ነው። ከ20 በታች ከሆነ እጩ መብላቱን ቀንሷል፤ ምግብ አትጨምሩ። 40 ካለፈ እጩ ሽሽት ይጀምራል፤ ቶሎ ገልብጡና አናፍሱት።

ዘር ማግኘትና መጀመሪያው ወር

ዘሩን ከአርቢ ግዙ። ምርጫ ካላችሁ እንቁላል አትግዙ፤ እንቁላል ብርድ የማይችል ነው፣ ከ16 ዲግሪ በታች አብዛኛው ሳይፈለፈል ይቀራል። ለጀማሪ የሚሻለው የጠቆረ እጭ ወይም ፑፓ ነው። ሳይበላ ይቆያል፣ መንገድ ይችላል፣ ለአንድ ሁለት ቀን ቢበርደውም አይጎዳም። ግማሽ ኪሎ ፑፓ ከ3,000 እስከ 5,000 ይሆናል፤ ለመነሻ ከበቂ በላይ ነው።

ለመጀመር የሚመረጠው ወር የካቲት ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ የታኅሣሥ ብርድ አልፏል፣ እስከ ግንቦት ሙቀቱ ይቀጥላል። ሌላም ጥቅም አለው፦ በሁዳዴ የእንቁላል ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ለፋሲካ ገበያው ሲከፈት እጩ መድረስ ይጀምራል።

የዝንብ ቤቱ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት

እጭ ማሳደግ ለማንም አያቅትም። አስቸጋሪው ዝንቡን ማጋባት ነው፤ ብዙዎቻችን የምንቆመውም እዚህ ነው። ዝንቡ ለመጋባት ደማቅ የፀሐይ ብርሃንና 26 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። በጥላ ውስጥ፣ በደመና ቀን፣ በቤት አምፖል ሥር ዝም ብሎ ተቀምጦ ያረጃል። የሚጋባውም ከወጣ በሁለተኛው ቀን ገደማ፣ በአብዛኛው ጠዋት ነው፤ እዚህ አገር ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ያለው ሰዓት ወርቅ ነው። ከዚያ በሁለት ቀን ውስጥ ሴቷ እንቁላል ትጥላለች።

ስለዚህ የዝንብ ቤቱ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይሁን፤ ከጀርባው ግድግዳ፣ ከነፋስ ከለላ ይኑረው። በአራት አጠና 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ ቁመቱ 1.5 ሜትር የሆነ ቋሚ ሥሩ፤ ዙሪያውን በመረብ ጨርቅ ሸፍኑ። አንድ ሺህ አምስት መቶ እስከ ሁለት ሺህ ዝንብ ይይዛል። በጣም ሰፊ ከሆነ ዝንቡ ይበታተናል፣ አይገናኝም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ከጤና ጣቢያ የሚታደለውን የወባ አጎበር አትጠቀሙ። ፀረ ተባይ የተነከረ ነው፤ ያስገባችሁት ዝንብ በሙሉ ማታውን አልቆ ታገኙታላችሁ። ቢታጠብም መድኃኒቱ አይለቅም፤ እንዲያውም ብዙ እጥበት እንዲችል ሆኖ ነው የተሠራው። ያልተነከረ የመጋረጃ ሻሽ ከጨርቅ ተራ ግዙ።

ቆሞ ካለቀ በኋላ ከላይ ግማሹን በግልጽ ላስቲክ አልብሱት። ላስቲኩ ጠዋት ሙቀቱን ቶሎ ያነሳዋል። ከ6 ሰዓት በኋላ ግን ጎኑን ክፈቱ፤ በላስቲክ ሥር ሙቀቱ 40 ሲያልፍ ዝንብ ይረግፋል። በውስጡ የሚኖሩት ነገሮች፦

– ፑፓ የያዘ ክዳን ያለው ባልዲ፣ ክዳኑ ላይ የጣት ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች። ባልዲው ውስጡ ጨለማ ይሁን፤ የወጣው ዝንብ ብርሃኑን ተከትሎ በቀዳዳው ይወጣል። ፑፓው ደረቅ ሰጋቱራ ውስጥ ይቀመጥ፣ በሦስት ቀን አንዴ ውሃ ይረጭበት፣ ጨርሶ ከደረቀ ዝንቡ ከሽፋኑ መውጣት ያቅተዋል።

– ውሃ። በሳሕን ላይ የራሰ አቡጀዲ ወይም ስፖንጅ አድርጉ፣ ጠዋትና ቀን ላይ አርጥቡ። ክፍት ውሃ ካስቀመጣችሁ ዝንቡ ይሰጥምበታል።

– የመዓዛ ሳፋ። ግማሽ ኪሎ ያህል ሦስት ቀን የቆየ ትራፊ፣ ጥቂት የሞቱ ዝንቦች ተጨምረውበት፣ አፉ በሻሽ ታስሮ። ሴቷ ሽታው ሳይስባት እንቁላል አትጥልም፤ ሻሹ ደግሞ ትራፊው ላይ እንዳትጥል ይከለክላታል።

– የእንቁላል መጣያ እንጨት። 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት ለስላሳ ጣውላዎች ተደራርበው፣ በመካከላቸው የሚስማር ራስ ወይም ስፒል ገብቶ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተትቶ፣ በላስቲክ ታስረው የመዓዛ ሳፋው ሻሽ ላይ ይቀመጣሉ። ክፍተቱ ከዚህ ከሰፋ አትጥልበትም። ካርቶን ቢሆንም ይሠራል፣ ግን እርጥበት ይስብና እንቁላሉን ያሻግተዋል።

እንቁላሉን በየሁለት ቀኑ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ሰብስቡ። ቢጫ ነጭ፣ እንደ ጥቃቅን ሩዝ የተያያዘ ይሆናል። እንጨቱን ፈትታችሁ በስለት ጀርባ ቀስ አድርጋችሁ ፋቁት፤ ውሃ አታስነኩት። ትንሽ የጌጥ ሚዛን ካላችሁ መዝኑት፤ አንድ ግራም ከ35,000 እንቁላል በላይ ነው። አንድ ሳጥን ለመሙላት ግማሽ ግራም ይበቃል፤ ሳይፈለፈል የሚቀረውና በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሞተው ተቀናንሶ 10,000 ይተርፋል።

ማስፈልፈል

የሕፃኑ እጭ ምግብ የጫጩት መኖ ነው። 300 ግራም የጫጩት መኖ በ700 ሚሊ ሊትር ለብ ባለ ውሃ ለውሱ፤ እንደ ወፍራም ገንፎ ይሁን። በትንሽ ሳፋ አድርጉት። በላዩ ላይ በወንፊት ጨርቅ እንቁላሉን አስቀምጡ፤ ጨርቁ ምግቡን እንዳይነካ በሁለት እንጨት ይደገፍ። የተፈለፈለው እጭ ራሱ ወደ ምግቡ ይወድቃል።

ሳፋው የሚቀመጠው በክፍሉ ውስጥ ከሁሉ ሞቃት በሆነው ቦታ ነው። ጥሩው ቦታ የሚያድጉ እጮች ያሉበት ሳጥን ላይ ተደርቦ ነው፤ የታችኛው ሙቀት ወደ ላይ ይመጣለታል። ይህ ትንሽ ዘዴ ነው፤ እንቁላሉን በአራት ቀን ወይም በአምስት ቀን ያስፈለፍለዋል፤ መደርደሪያ ላይ ብቻውን ቢቀመጥ ሰባት ቀን ይፈጅበታል፣ ሲበርድም ይበላሻል።

ከተፈለፈለ በኋላ አምስት ቀን እዚያው ይቆይ፤ ምግቡ ላይ ነጭ ሻጋታ ከታየ በማንኪያ አገላብጡት። በስድስተኛው ቀን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ወደ ትልቁ ሳጥን ይሂድ።

ማድለብ

ሳጥኑ ጎኑም ወለሉም ድፍን ይሁን። የቲማቲም ሳጥን ቀዳዳ ስላለው አይሆንም። ካጣችሁ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በርዝመቱ ሰንጥቁት፤ እያንዳንዱ ግማሽ ከ4,000 እስከ 5,000 እጭ ይችላል።

15 ኪሎውን በአንዴ አታፍሱ። በመጀመሪያው ቀን 5 ኪሎ፣ ያ ተበልቶ ወደ ጥቁር ፍርፋሪ ሲለወጥ ሌላ 5፣ ከዚያ የመጨረሻውን። በሞቃት ወር በአንደኛው፣ በአምስተኛውና በስምንተኛው ቀን ይሆናል፤ በብርድ ከቀኑ ይልቅ ዓይናችሁን እመኑ። የምግቡ ጥልቀት ከ7 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ከዚያ በታች አየር ስለማይደርስ ይሸታል። ከምግቡ በላይ ቢያንስ 8 ሴንቲ ሜትር ደረቅ ግድግዳ ይቅር፤ እጭ የራሰ ግድግዳ ይወጣል፣ ደረቁን ግን ይቸገራል። ጠርዙ ላይ ደረቅ ፉርሽካ ማሸት ይረዳል።

እርጥበቱን በእጅ ፈትኑ፦ ትራፊውን ጨብጣችሁ ስትጨምቁ በጣታችሁ መካከል አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ትክክል ነው። ከፈሰሰ ፉርሽካ ወይም ደረቅ የእንጀራ ድርቆሽ ጨምሩ። ምንም ካልወጣ ውሃ ርጩ።

ስለ ምግቡ ዓይነት። የእንጀራና የሽሮ ትራፊ፣ የጎመንና የካሮት ቅጠል፣ የሙዝ፣ የማንጎና የፓፓያ ልጣጭ መልካም ናቸው፤ ትልልቁን በገጀራ ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ክተፉት። የጠላ አተላና የቢራ አተላ ፕሮቲን አላቸው፤ ውሃቸው ግን ስለሚበዛ አጣርታችሁ ከጠቅላላው ከሲሶ አታሳልፉ። ጨውና ዘይት የበዛበትን ወጥ በሌላ ትራፊ አብዙት። የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ፣ የሽንኩርት ሽፋን ሳይበላ ይቀራል። የቡና አተላ ጥቂቱ ምንም አይልም፤ ብዙው እጩን ያቀጭጨዋል። የጫት ገራባ አትስጡ፤ ፀረ ተባይ ተረጭቶበት ሊሆን ይችላል። አጥንት ለይታችሁ አውጡ።

የከብት እበት ወይም የሰው ዓይነ ምድር የበላ እጭ ደግሞ ለዶሮ አይሰጥም። እጩ ያድግበታል፣ ይህ እውነት ነው፤ ግን ባክቴሪያውንና እንደ ካድሚየም ያለውን መርዛማ ብረት ይዞ ወደ እንቁላሉ ይመጣል። በፋብሪካ ፍሳሽ ዳር የበቀለ ጎመንም በዚሁ ምክንያት አይገባም።

መሰብሰብ

ከሃያ እጭ አንዱ ሲጠቁር ጊዜው ነው። አልፎ ሁሉም ከጠቆረ ቆዳው ይጠነክራል፣ ዶሮዋም አትወደውም። ከአንድ ቀን በፊት ሁለት እፍኝ ሰጋቱራ ጨምራችሁ አድርቁት። በማግስቱ ሁሉንም 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት ላይ ፀሐይ ላይ ዘርጉት። እጩ ብርሃን ይጠላልና ራሱ በቀዳዳው ወርዶ ከታች ባለው ሳፋ ይጠራቀማል።

በየሳምንቱ 150 ግራም ያህል፣ ማለትም ከ1,000 በላይ ትልልቁንና የጠቆረውን፣ ለዘር አስቀሩ። ከአንድ ሳጥን ብቻ አትውሰዱ፤ ከተለያዩ ሳጥኖች ቀላቅሉ። ትንሹን ለዘር፣ ትልቁን ለዶሮ የሚሰጥ ሰው ከሦስት ዙር በኋላ ትንንሽ ዝንብና ጥቂት እንቁላል ይቀረዋል።

የቀረው ጥቁር ፍርፋሪ ማዳበሪያ ነው፤ ግን አልበሰለም። በጥላ ሥር እርጥበት ጠብቆ አንድ ወር ይቆይ፣ ከዚያ ለጎመንና ለቃሪያ ይበተን።

ለዶሮ አሰጣጥ

እጩን በፈላ ውሃ ውስጥ ሁለት ደቂቃ አስገብታችሁ አውጡ፤ ሳልሞኔላ የሚባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ለመከላከል ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። ቀዝቅዞ ይሰጥ። መጀመሪያ ላይ ለአንዷ 10 ግራም፣ በሳምንት ውስጥ ወደ 30። ከዚህ ካለፋችሁ ቅባቱ በዝቶ ዶሮዋ ትወፍርና እንቁላል ትቀንሳለች። የዶሮዋ ዝርያ ቦቫንስም ሆነ ሳሶ ይሁን፣ ዋናው መኖዋ አይቋረጥ፤ እጩ የሚተካው ከፋጉሎው ወይም ከአኩሪ አተሩ ነው እንጂ ከበቆሎውና ከኖራ ድንጋዩ አይደለም። ጫጩት ከሦስት ሳምንት በታች ከሆነ ከትፋችሁ ስጡት።

ከተረፈ በበጋ ፀሐይ ጥቁር ላስቲክ ላይ በስሱ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ሁለት ቀን ይበቃዋል። ሦስት ኪሎ እርጥብ አንድ ኪሎ ደረቅ ይሆናል። በጣት ሲሰበር ካች የሚል ካልሆነ አልደረቀም፤ ይሻግታል። በታሸገ ዕቃ፣ በጨለማ ቦታ ከሁለት ወር በላይ አታቆዩት፣ ቅባቱ ይበላሻል።

ሲበላሽ ምክንያቱ

አሞንያ የሚሸት ሳጥን ከሚበላው በላይ ተጭኖበታል፤ ምግብ አቁሙ፣ ሰጋቱራ ጨምራችሁ ገልብጡ። እጩ በጅምላ የሚሸሸው ወይ ውሃ በዝቶበት፣ ወይ ሙቀቱ 40 አልፎ፣ ወይ ክዳኑ አየር ከልክሎት ነው፤ መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን ተመልከቱ።

ትራፊው ላይ የቤት ዝንብ እጭ ከታየ፣ አዲሱን ምግብ ከላይ ክፍት ትታችኋል ማለት ነው። በአሮጌው ፍርፋሪ አልብሱት። አይጥ ለእጭ ይሞታል፤ የመደርደሪያውን እግር በለስላሳ ቆርቆሮ ጠቅልሉት፣ ሳጥኑን በሽቦ ወንፊት ክደኑ። መርዝ ግን አትጠቀሙ፤ የሞተችውን አይጥ ዶሮ ትጎትታታለች።

ዝንብ ሞልቶ እንቁላል ከሌለ፣ በቅደም ተከተል እነዚህን ጠይቁ፦ ጠዋት ፀሐይ በቀጥታ ይደርሰዋል? ሙቀቱ 26 ይደርሳል? የመዓዛው ሳፋ ትራፊ ከአሥር ቀን በላይ ቆይቶ ሽታው ሞቷል? የእንጨቱ ክፍተት ሰፍቷል? በዐሥር ግቢ ውስጥ ስምንቱ መልሱን ከመጀመሪያው ጥያቄ ያገኛል።

ክረምት

ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ መጋባት ይቀንሳል፤ በአንዳንድ ሳምንት ጨርሶ ይቆማል። ይህን መታገል ትርፍ የለውም። ይልቁን በግንቦት የሚገኘውን እንቁላል በሙሉ አስፈልፍላችሁ፣ የደረሰውን እጭ አድርቁና ለሐምሌና ለነሐሴ አስቀምጡ። ለዘር የሚሆነውን 2 ኪሎ የጠቆረ እጭ በደረቅ ሰጋቱራ ውስጥ፣ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ጨለማ ጥግ አኑሩት። በዚህ ሙቀት ለውጡ ስለሚዘገይ ለሳምንታት ይቆያል፤ ቀዝቃዛ ከሆነም የሚሞተው ይጨምራልና ከ12 በታች አትውረዱ።

ከዚህ ውስጥ በየሁለት ሳምንቱ 200 ግራም ወደ ሞቃቱ ቦታ እያወጣችሁ ወደ ዝንብ ቤቱ አስገቡ። በክረምትም ቢሆን ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ፀሐይ የምትወጣባቸው ቀናት አሉ፤ በእነዚያ ቀናት ለመጋባት የደረሰ ዝንብ ተዘጋጅቶ ከተገኘ ጥቂት እንቁላል ይጣላል፣ ዘሩም አይጠፋም። በነሐሴ አጋማሽ ከቀረው ፑፓ ግማሹን አንድ ላይ አውጡ። በ20 ዲግሪ ሦስት ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅበት፣ የመስከረም የመጀመሪያዎቹ ጥርት ያሉ ጠዋቶች ሲመጡ የዝንብ ቤቱ ሞልቶ ይጠብቃቸዋል። ሌላውን ግማሽ ለመስከረም መጨረሻ አቆዩት፤ ደመናው ያልለቀቀ ዓመትም አለ።